ሜምብሬን አርማታ ግድግዳ ጋ ሲደርስ፦ ውሃም ጋዝም ማለፊያ እንዳያገኙ

የቤዝመንት ሴክሽን (ሕንጻው ተቆርጦ ከጎን የሚታይበት ድሮዊንግ) ላይ ሜምብሬን፣ ማለትም ውሃና ጋዝ የሚከለክለው ሸራ፣ አንድ ወፍራም ጥቁር መስመር ነው። በወለሉ ሥር ይመጣል፣ ብዙ ድሮዊንግ ላይም ግድግዳውን ሰንጥቆ ወደ ውጭ ይወጣል። ወረቀት ላይ ያምራል። ሳይት ላይ ግን በዚያው መስመር 16 ሚሊሜትር ፌሮ በየ15 ሳንቲሙ በሁለቱም ፊት ቆሟል። በአንድ ሜትር ግድግዳ 13 ያህል ማለት ነው፤ ዙሪያው 40 ሜትር ለሆነ ቤዝመንት ከ530 በላይ ይመጣል። ሜምብሬኑ እዚያ ይለፍ ከተባለ ከ530 በላይ ቀዳዳ ይበሳል። ፎርማኑ በየት እንደሚያሳልፈው ቢጠይቅ ድሮዊንጉ መልስ የለውም፤ ፌራዮው (ፌሮ አሳሪው) ግን በቢላ ይመልሳል። ቀድዶ ፌሮውን ያሳልፋል፣ ቀዳዳውም እንደተከፈተ ኮንክሪት ይሞላበታል።

ብሎኬት ግድግዳ ቢሆን ቀላል ነበር። ዲፒሲው (ከመሬት የሚወጣ እርጥበትን የሚያግደው ሸራ) በሞርታሩ መሃል ይነጠፋል፣ ከላይ ያለው ብሎኬት በክብደቱ ይጫነዋል፣ አለቀ። አርማታ ግድግዳ ግን አፈሩን የሚመልሰው ከማቱ፣ ማለትም ከሥሩ ካለው ወፍራም የአርማታ መሠረት፣ ጋር አንድ አካል ሆኖ ነው። ትልቁ ጫና የሚያርፈው ደግሞ ልክ ሁለቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው። እዚያ ፕላስቲክ ከገባ ፌሮው ቢቀጥልም ኮንክሪቱ ከኮንክሪት ጋር አይያያዝም። የኮንክሪት ዲዛይን ስታንዳርዱ ኢኤስ ኢኤን 1992-1-1 በተለያየ ቀን በተሞሉ ኮንክሪቶች መካከል ላለ መገጣጠሚያ ቁጥር ይሰጣል፦ ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ለተሻከረ ገጽ የሰበቃው ኮፊሸንት 0.7 ነው፣ በብረት ወይም በፕላስቲክ ፎርምወርክ ልስልስ ብሎ ለወጣ ገጽ ወደ 0.5 ይወርዳል፣ የመያያዝ አቅሙም አብሮ ያሽቆለቁላል። በመሃል ስለገባ የፕላስቲክ ሸራ ሰንጠረዡ ጭራሽ አያወራም።

ስለዚህ ሜምብሬን አርማታ ግድግዳን አያልፍም፤ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ሥራውን ለሌላ ያስረክባል። ለማን እንደሚያስረክብ ፌሮ ከመታሰሩ በፊት መወሰን አለበት። ሴክሽኑን አውጡና በቀይ እርሳስ ከአንዱ ወገን አፈር እስከ ሌላው ወገን ድረስ ውሃ የሚከለክለውን ነገር ሁሉ እጃችሁን ሳታነሱ ተከተሉ። ሜምብሬን፣ ከዚያ ኮንክሪት፣ ከዚያ ዋተርስቶፕ (ኮንክሪት መገጣጠሚያ ውስጥ የሚቀበር የውሃ ማገጃ)፣ እንደገና ሜምብሬን ሊሆን ይችላል። እርሳሱ የተነሳበት ቦታ ውሃ የሚገባበት ቦታ ነው።

ከግድግዳው ጋር ጭራሽ አለመጋጨት

ቦታ ካለ እኛ የምንመርጠው ሜምብሬኑ ከማቱ ሥር ሙሉ በሙሉ አልፎ በግድግዳው የውጭ ፊት እንዲወጣ ነው። ያኔ ሕንጻው ገንዳ ውስጥ እንደተቀመጠ ይሆናል፣ አንድም ፌሮ ሜምብሬኑን አይነካም።

የተቆፈረው መሬት ተጠቅጥቆ ከ5 እስከ 7.5 ሳንቲም ሊን ኮንክሪት (ሲሚንቶው ያነሰ ኮንክሪት) ይሞላል። ፊቱ መለሰን አለበት፤ የጠጠር ጫፍ ከወጣበት በማቱ ክብደት ሜምብሬኑን ይበሳዋል። 4 ሚሊሜትሩ በእሳት የሚለጠፈው ቢትሙን ሜምብሬን 1 ሜትር በ10 ሜትር ጥቅል ሆኖ ይመጣል። በጎን 10 ሳንቲም፣ በጫፍ 15 ሳንቲም ስለሚደራረብ አንዱ ጥቅል ከ9 ካሬ ትንሽ ያነሰ ነው የሚሸፍነው። ለ400 ካሬ ወለል 40 ጥቅል የሚያዝዝ ሰው ሥራው መሃል ላይ ይቆምበታል፤ የማዕዘን ብክነቱ ታስቦ 50 ይታዘዝ። መደራረቢያው በደንብ መለጠፉ የሚታወቀው ጠርዙ ላይ የቀለጠ ቢትሙን ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር እንደ ገመድ ተጨምቆ ሲወጣ ነው። ካልወጣ እሳቱ አልደረሰም። ብዙ ከፈሰሰ ደግሞ ተቃጥሎ ውስጡ ያለው መረብ ተጋልጧል። ሁለቱንም በካዞላ ጫፍ ሞክሩ፤ ካዞላው ከገባ እንደገና ይሞቃል።

ፌሮ ከመውረዱ በፊት ሜምብሬኑ ላይ 5 ሳንቲም ስክሪድ (መከላከያ የሲሚንቶ ንጣፍ) ይሞላል። ይህን ለማስቀረት የሚከራከር ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። የፌሮ መቆሚያ እግር፣ የወደቀ ቁራጭ ብረት፣ ሚስማር የያዘ ጣውላ እየተጎተተ ሲያልፍ ስክሪድ የሌለው ሜምብሬን አንድ ቀን አይውልም።

ትልቁ ኪሳራ ግን ከዚህ በኋላ ነው። ሜምብሬኑ ከማቱ ጠርዝ ቢያንስ 30 ሳንቲም ወጥቶ መቅረት አለበት፣ በኋላ ከግድግዳው የሚወርደው የሚለጠፈው እሱ ላይ ነውና። ግድግዳው እስኪሞላ ሳምንታት ያልፋሉ። በዚህ ጊዜ ጠርዙ ላይ የፎርምወርክ ድጋፍ ይተከልበታል፣ አፈር ይናድበታል፣ ጋሪ ይሄድበታል። ግድግዳው ተፈትቶ ሲፈለግ ተቦጫጭቆ ይገኛል፣ ወይም ከነጭራሹ ማቱ ሥር ተቆርጦ ቀርቷል። ያኔ የሚለጠፍበት የለም፣ ከሥር ፈልፍሎ ማውጣትም አይቻልም። መከላከያው ርካሽ ነው፦ ጠርዙ ላይ ተራ ፕላስቲክ አልብሱና በላዩ ሲሚንቶው ያነሰ 5 ሳንቲም ሞርታር ሙሉበት። ጊዜው ሲደርስ በመዶሻ ተሰብሮ ይነሳል፣ ከሥሩ ያለው ጠርዝ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል።

ማቱና ግድግዳው በሚፈጥሩት የውስጥ ማዕዘን 5 በ5 ሳንቲም የሞርታር ትሪያንግል ይደረጋል። ሜምብሬን 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ከኋላው ባዶ ይቀራል፤ አፈር ሲጫነው እዚያው ይቀደዳል። ግድግዳው ደርቆ፣ በብሩሽ ተጠርጎ፣ ፕራይመር ይቀባል፤ በካሬ ከ200 እስከ 300 ግራም ይበቃል። መድረቁን ለማወቅ ግማሽ ካሬ ፕላስቲክ ዙሪያውን በቴፕ ለጥፎ ማሳደር ነው። ጠዋት ከሥሩ ጠል ካለ ግድግዳው ገና ነው።

መልሶ ሙሌት ላይም ስንት የተለፋበት ሜምብሬን በአንድ ቀን ይበላሻል። መከላከያ ቦርድ ሳይደረግ የተፈለጠ ድንጋይ መድፋት አይቻልም። የተቆፈረውን ጥቁር አፈር መመለስም እንዲሁ፤ ሲርስ አብጦ ይገፋል፣ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ሜምብሬኑን ይዞ ይወርዳል። የተመረጠ አፈር ከ20 እስከ 30 ሳንቲም እየተነጠፈ ይጠቀጠቃል፣ በማቱ ደረጃ ደግሞ በጠጠርና በጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ) የተጠቀለለ ባለ ቀዳዳ ቱቦ ይቀበራል። «እዚህ ሰፈር የከርሰ ምድር ውሃ የለም» የሚለውን አትመኑ። በጭቃማ አፈር ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ በላላ ሙሌት ሲሞላ ራሱ ገንዳ ይሆናል፤ ክረምቱን ሙሉ የዘነበው እዚያ ይጠራቀማል። ውሃው 3 ሜትር ከቆመ ግድግዳው ግርጌ ላይ በእያንዳንዱ ካሬ 3 ቶን ይገፋል።

ከጎረቤት አጥር ጋር ተጠግቶ ሲቆፈር፣ አዲስ አበባ መሃል እንደሚያጋጥመው ሁሉ፣ በውጭ በኩል የሚቆምበት ቦታ የለም። ያኔ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ሜምብሬኑ አስቀድሞ በአፈር መደገፊያው ላይ ይዘረጋል፣ ግድግዳው በእሱ ላይ ይሞላል። ለዚህ የሚሆነው ትኩስ ኮንክሪት ሲነካው የሚጣበቀው ዓይነት ብቻ ነው። ተራ ሸራ ከዘረጋችሁ፣ አንድ ቦታ ቢበሳ ውሃው በሜምብሬንና በግድግዳ መሃል ሄዶ ሄዶ 10 ሜትር ርቆ በሌላ ስንጥቅ ይወጣል፤ ቀዳዳውን ፈልጎ ማግኘት አይታሰብም።

ግድግዳው ራሱ ሲረከብ

ግድግዳው እስከ መሠረት ወርዶ ወለሉ በኋላ ለብቻው ሲሞላ፣ ወይም በቤዝመንቱ መሃል የሊፍት ግድግዳ ሲኖር፣ ሜምብሬኑ በወለሉ ሥር መጥቶ ግድግዳው ፊት ላይ ይቆማል። ቢያንስ 15 ሳንቲም ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ሙሉ በሙሉ ይለጠፋል፣ ጫፉ በአሉሚኒየም ቁራጭና በብሎን ተጠርቆ በማስቲክ ይዘጋል። በግድግዳው ማዶም እንዲሁ። በመሃል ያለውን 25 ወይም 30 ሳንቲም የሚጠብቀው ኮንክሪቱ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው፦ ከዚያ ወዲያ ኮንክሪቱ ራሱ ሜምብሬን ስለሆነ እንደ ተራ ግድግዳ አይሞላም። የውሃና ሲሚንቶ ሬሾ ከ0.45 አይለፍ፣ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ፣ የስንጥቅ ስፋትም ይሰላ። የውሃ መያዣ ኮንክሪት ስታንዳርዱ ኢኤን 1992-3 ግድግዳውን ዘልቆ ለሚያልፍ ስንጥቅ የሚፈቅደው ከ0.2 ሚሊሜትር ጀምሮ ነው፤ የውሃው ከፍታ ከግድግዳው ውፍረት ጋር ሲነጻጸር እየበዛ ሲሄድ እስከ 0.05 ይወርዳል።

ደካማው ቦታ ኪከሩ፣ ማለትም ከመሠረቱ ጋር አብሮ የሚሞላው አጭር የግድግዳ ጅማሮ፣ ነው። እዚያ ሦስት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ፊቱ ላይ የሚንሳፈፈው የሲሚንቶ ቅባት ሳይነሳ ይሞላበታል። በማግስቱ ኮንክሪቱ ገና ለጋ ሳለ በውሃ ግፊትና በሽቦ ብሩሽ ጠጠሩ እስኪታይ ይነሳ፤ ከሳምንት በኋላ በመሮ መፈለጥ ዕዳ ነው። ሁለተኛ፣ ኮንክሪት ከ3 ሜትር በፌሮ መሃል ሲወረወር ጠጠሩ ቀድሞ ይወርዳል፣ የሲሚንቶው ውሃ በፎርምወርኩ ሥር ይፈስሳል፣ ግርጌው ማር ወለላ መስሎ ይቀራል። ቱቦ አውርዱ፤ መጀመሪያም ያለ ጠጠር የተቦካ ሞርታር እስከ 5 ሳንቲም አስቀድሙ። ሦስተኛው ዋተርስቶፕ ነው።

ፒቪሲ ዋተርስቶፕ 20 ወይም 25 ሳንቲም ስፋት አለው፣ ግማሹ ኪከሩ ውስጥ፣ ግማሹ ግድግዳው ውስጥ። በሽቦ ለሁለቱ ፊት ፌሮ ካልታሰረ ኮንክሪቱ ሲጫነው ይተኛል፣ ከሥሩም አየር ይቀራል። መገጣጠሚያው በጋለ ብረት ይበየዳል እንጂ አይደራረብም፣ ሚስማር ደግሞ ጠርዙ ላይ ካልሆነ አይመታበትም። ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ላሜራም ይሠራል፤ አይተኛም፣ አናጺም አይቆርጠውም። ችግሩ የማቱ የላይ ፌሮ መንገድ መዝጋቱ ስለሆነ ኪከሩ 15 ሳንቲም ከፍ ይበል። ውሃ ሲነካው የሚያብጠው የቤንቶናይት ገመድ፣ አብዛኛውን ጊዜ 20 በ25 ሚሊሜትር የሆነው፣ ለመትከል ይቀላል፤ ግን ዝናብ ካገኘው ኮንክሪት ሳይሞላ አብጦ ያልቃል። ከውጭው ፊት 7.5 ሳንቲም ካልራቀም ሲያብጥ የኮንክሪቱን ጠርዝ ይፈነቅላል።

ግድግዳው ከመሞላቱ በፊት ኪከሩ ፊት ላይ ክሪስታላይን ስለሪ (ኮንክሪቱ ውስጥ ክሪስታል እያሳደገ ቀዳዳ የሚዘጋ ቅብ) በብሩሽ መቀባት እንመክራለን፤ በካሬ 1 ኪሎ ገደማ ይበቃል። ሲሚንቶ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ መያያዙን አይሰብርም፣ ይልቁንም እርጥብ ኮንክሪት ይፈልጋል። በፌሮዎቹ መሃል ጠባብ ብሩሽ ማስገባት አድካሚ ነው፣ ግን 530 ቀዳዳ ከማሸግ ይሻላል።

አንዳንዴ ግን ፌሮዎቹን አንድ በአንድ ከማሸግ ሌላ መንገድ አይኖርም፤ ለምሳሌ የፓይል (ጠልቆ የሚወርድ የመሠረት ምሰሶ) ራስ ላይ። 16 ሚሊሜትር ፌሮ ከሆነ ሜምብሬኑ ላይ 12 ሚሊሜትር ክብ ቀዳዳ ይበሳል፣ በመስቀል አይቀደድም፣ ፌሮው ላይ እየተጎተተ ይወርዳል። የፌሮው ዝገት ቅርፊት በሽቦ ብሩሽ ይነሳል። ዙሪያው በማስቲክ 2.5 ሳንቲም ኮሌታ ይደረግለታል፣ በላዩ የሚቀባ ሜምብሬን ሁለት ጊዜ፣ 10 ሳንቲም ወደ ጎን፣ 5 ሳንቲም ወደ ላይ ይቀባል። ሁለተኛው ቅብ በተለየ ቀለም ቢሆን የተዘለለው ቶሎ ይታያል። ያ 5 ሳንቲም ግን ከኮንክሪት ጋር አይያዝም፤ ስትራክቸራል ኢንጂነሩ የፌሮውን መደራረቢያ በዚያው ልክ ያስረዝመው። ሳትነግሩት አታድርጉት።

ጋዝ ሲሆን

የጋዝ ሜምብሬን ሥራ በደንብ የዳበረው እንግሊዝ ነው፣ ምክንያቱም ዋጋ ከፍለውበታል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1986 ደርቢሻየር ውስጥ ሎስኮ በምትባል መንደር ከአሮጌ የቆሻሻ መጣያ የወጣ ሜቴን በመሬት ውስጥ ተጉዞ አንድ ቤት አፈንድቶ ሦስት ሰዎችን አቁስሏል። ዘግይቶም ስኮትላንድ ውስጥ ጎርብሪጅ ላይ ከድሮ የከሰል ማዕድን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየገባ ነዋሪዎችን በማሳመሙ 64 ቤቶች ፈርሰዋል። ዛሬ ቢኤስ 8485 የሚባለው ስታንዳርዳቸው ሕንጻው ማሟላት ያለበትን በነጥብ ይቆጥራል። ሜምብሬኑ ነጥብ የሚያገኘው ሜቴን የማሳለፍ መጠኑ በቀን በካሬ ከ40 ሚሊሊትር በታች ሲሆን፣ በትክክል ሲነጠፍና ነጻ በሆነ ሰው ሲረጋገጥ ነው።

እኛ አገር ጉዳዩ የሩቅ መምሰሉ ያሳስታል። ለአሥርት ዓመታት ቆሻሻ የተከመረበት ቆሼን የመሰለ ቦታ ከሥሩ ሜቴን ያመነጫል፤ በእንዲህ ዓይነት ቦታ አጠገብ ቤዝመንት የሚቆፍር ሰው ጥያቄውን መጠየቅ አለበት። ሜቴን ሽታም ቀለምም የለውም፣ አየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይፈነዳል።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ውሃን የሚከለክል ሁሉ ጋዝን አይከለክልም። ቤንቶናይት ገመድ የሚያብጠው ሲርስ ነው፤ በበጋ ደረቅ አፈር ውስጥ ተኝቶ ሳለ ጋዙ በጎኑ ያልፋል። ክሪስታላይን ስለሪም ክሪስታሉን የሚያሳድገው በውሃ ነው። ቀጭን ስንጥቅ በውሃ ራሱን እየሞላ ይዘጋል፣ ደረቅ ስንጥቅ ግን እንደተከፈተ ይቀራል። ስለዚህ ጋዝ ባለበት ኪከር ላይ ላሜራ ወይም የተበየደ ፒቪሲ ይግባ፣ ቤንቶናይቱ ተጨማሪ ይሁን እንጂ ብቻውን አይታመን። ሜምብሬኑም በአሉሚኒየም ፎይል የተጠናከረው፣ ከ0.4 ሚሊሜትር ያላነሰው ይሁን። ፎይሉ የተጋለጠበት የተቆረጠ ጠርዝ በቴፕ ይሸፈን፣ ምክንያቱም የትኩስ ኮንክሪት አልካሊ አሉሚኒየም ይበላል። መደራረቢያው 15 ሳንቲም ሆኖ በመሃሉ በሁለት ፊት የሚጣበቅ ቡቲል ቴፕ፣ በላዩ ደግሞ ባለ አንድ ፊት ቴፕ ይደረጋል። አቧራ ላይ የተለጠፈ ቴፕ ከሁለት ቀን በኋላ በጣት ይላቀቃል፤ እስቲ ሳብ አድርጋችሁ እዩት።

የኤሌክትሪክና የስልክ ቱቦ ደግሞ ለጋዝ የተዘረጋ ጎዳና ነው። ግድግዳውን የሚያልፈው ቱቦ ዙሪያውን ቢታሸግ እንኳ ውስጡ ባዶ ከሆነ ጋዙ በኬብሉ ጎን ገብቶ ማከፋፈያ ሳጥኑ ውስጥ ይወጣል፣ ብልጭታ ባለበት። ከኬብል በኋላ ውስጡም ይታሸግ። ከተቻለ ማንኛውም መስመር ከመሬት በላይ ይግባ። ካልተቻለ፣ ቱቦዎችን አስሮ በአንድ ትልቅ ቀዳዳ ማሳለፍ አይሆንም፤ በመሃላቸው ኮንክሪትም ማስቲክም አይገባም። በየመካከላቸው 10 ሳንቲም ይተው፣ እያንዳንዱም ግድግዳው መሃል ላይ የተበየደ ፍላንጅ ይኑረው።

የማያዩት ቀዳዳ

በጣውላ ፎርምወርክ ስትሠሩ ሁለቱን ፊት የሚያስረው ሽቦ ግድግዳውን ዳር እስከ ዳር ያልፋል። ከተፈታ በኋላ ፊቱ ላይ ብቻ ይቆረጣል፣ ውስጡ እየዛገ የውሃ መንገድ ይሆናል። ለብሎን የሚገባው የፒቪሲ ቱቦማ ባይባል ይሻላል፦ ክፍት ቀዳዳ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጫፉ ላይ ብቻ ሞርታር ይደፈንና ይለሰናል። ቤዝመንት ግድግዳ ላይ መሃሉ ላይ ክብ ላሜራ የተበየደበት ማሰሪያ ተጠቀሙ፤ ጫፉ 3 ሳንቲም ወደ ውስጥ ተቆርጦ ሲደርቅ በማይኮማተር ሞርታር ይደፈን። ለኮንክሪት ሽፋን የእንጨት ቁራጭ ማስገባትም ይቅር፣ የሲሚንቶ ስፔሰር ነው የሚገባው።

ቤዝመንት የሌለው ቤት ላይ ይኸው ጥያቄ በትንሹ ይመጣል። ግድግዳው ዲፒሲ ይኖረዋል፣ ኮለኑ ግን አይኖረውም፤ አርማታ ስለሆነ መቁረጥ አይቻልም። ለዚህም ነው ግድግዳው ደርቆ ኮለኑ ላይ ብቻ ቀለም የሚላጠው። ከመሬት በታች ያለው የኮለን ክፍል አራቱም ፊት ሁለት ጊዜ ቢትሙን ይቀባ፣ ዲፒሲው ከመሬት 15 ሳንቲም ከፍ ብሎ ኮለኑ ጋ ሲደርስ ተጣጥፎ ይለጠፍበት፣ ልስኑም ዲፒሲውን ዘልሎ ወደ አፈር አይውረድ።

ስክሪድ ከመሸፈኑ በፊት ወለሉ ላይ ያለው ሜምብሬን በውሃ ይሞከር፣ 5 ሳንቲም ሞልቶ ከ24 እስከ 48 ሰዓት። ደረጃው ላይ ምልክት አድርጉ፣ አጠገቡም ውሃ የያዘ ባልዲ አቁሙ፣ ፀሐይ የወሰደችውንና የሰረገውን ለመለየት። የጋዝ ከሆነ ከሥሩ ጭስ ይነፋል ወይም መደራረቢያው ጠርዝ በጠባብ የአየር ቱቦ ይነፋበታል፤ ያልተጣበቀው ይርገበገባል። የተገኘው ቀዳዳ በኖራ ክብ ይከበብ፣ ከተጠገነ በኋላ ይነፋበት። ማዕዘኖቹንና ኪከሩን ሜትር አስደግፋችሁ ፎቶ አንሱ፣ የአክሲሱን (ድሮዊንጉ ላይ ያለውን የኮለን መስመር) ቁጥር ኮንክሪቱ ላይ በቀለም ጽፋችሁ። ሦስት ክረምት አልፎ አንድ ቦታ እርጥበት ሲታይ፣ የትኛው መስመር ላይ ዋተርስቶፑ ተበይዶ እንደነበርና የትኛው ላይ ገመድ እንደተደረገ የሚነግራችሁ ያ ፎቶ ብቻ ነው።